ብሞክር ኖሮ እችል ነበር

እስከ 36 ዓመቴ ድረስ ዋና አልችልም ነበር። «አልችልም» ማለትም ትክክል አይደለም፤ ሞክሬው አላውቅም። ሰው ሲጠይቀኝ ግን «አልሞከርኩም» ብዬ አላውቅም። «እኔ ውሃ አይሆንልኝም» ነበር መልሴ። አባባሏን ልብ በሉልኝ። ጥፋቱ የእኔም የውሃውም አይደለም፤ ዝም ብሎ አልተግባባንም እንደማለት ነው። 20 ዓመት ገደማ በዚህች ዓረፍተ ነገር ኖሬያለሁ። ጓደኞቼ ሲዋኙ እኔ ዳር ላይ ቁጭ ብዬ ልብስና ስልክ እጠብቃለሁ። ጥሩ ጠባቂ ነበርኩ፤ አንድም ስልክ ጠፍቶብኝ አያውቅም።

ስለዚህ ጉዳይ እንድጽፍ ያደረገኝ ግን መዋኘት አለመቻሌ ሳይሆን የአንዲት ጓደኛዬ ማመልከቻ ነው። ለትምህርት ዕድል ልታመለክት ፎርሙን ሞልታ፣ ድርሰቱን ጽፋ፣ ማስረጃዎቿን አሟልታ ጨርሳለች። ሁሉም ነገር ኮምፒውተሯ ላይ ተቀምጧል። በዓመት አንዴ የሚመጣው ቀነ ገደብ ሁለት ጊዜ አለፋት። «ምን ጎደለሽ?» ስላት «ትንሽ ላስተካክለው ነው» ትለኛለች። ሦስተኛው ዙር ሲቃረብ ደግሜ ጠየቅኳት። ትንሽ ዝም አለችና «ካልላክሁት እኮ አልወደቅሁም» አለችኝ። ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ማታ ቤቴ ስገባ ግን ንግግሯ አልለቅ አለኝ።

«ፈርቼ ነው» ስንል ውድቀትን የፈራን ይመስለናል። እኔ እንደሚመስለኝ ግን ብዙ ጊዜ የምንፈራው ማወቅን ነው። ያልሞከርነው ነገር ምንም አይጎድለውም። ያልተጻፈው መጽሐፍ ግሩም ነው። ያልተጀመረው ሥራ አትራፊ ነው። ያልተላከው ማመልከቻ አንደኛ ይወጣል። «ብሞክር ኖሮ እችል ነበር» የሚለውን ሐሳብ ማንም መጥቶ ሊያፈርስብን አይችልም። ሊያፈርሰው የሚችለው መሞከር ብቻ ነው። ስለዚህ አንሞክርም። ራሳችን ላይ ገደብ የምናበጀው ራሳችንን ዝቅ አድርገን ስለምናይ ነው ይባላል። አንዳንዴ ነገሩ ግልባጭ ነው፤ ስለራሳችን ያለንን ትልቅ ግምት ማንም እንዳይነካብን ነው።

ይህን የሚያሳይ አንድ የቆየ ጥናት አለ። ስቲቨን በርግላስ እና ኤድዋርድ ጆንስ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1978 ያሳተሙት ነው (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ተማሪዎችን ሰብስበው ለአንዳንዶቹ የሚፈታ ጥያቄ ሰጡ፤ ለሌሎቹ ደግሞ ፈጽሞ መልስ የሌለው። ሲጨርሱ በደንብ ሠርታችኋል አሏቸው። ከዚያ ለሁለተኛው ፈተና ከመቀመጣቸው በፊት ከሁለት መድኃኒቶች አንዱን እንዲመርጡ አደረጉ። አንዱ አእምሮ ያነቃል፣ ሌላው ያደነዝዛል ተባለ። መልስ የሌለው ጥያቄ የደረሳቸው፣ እንዴት እንደተሳካላቸው ለራሳቸውም ያልገባቸው፣ በተለይ ወንዶቹ፣ ወደሚያደነዝዘው አደሉ። ቢወድቁ «መድኃኒቱ ነው» ይላሉ፤ «ጎበዝ» የተባሉት ስም ሳይነካ ይቀራል።

ፈተና ሲደርስ ሌሊቱን ሙሉ ፊልም ሲያይ የሚያድር ተማሪ ታውቃላችሁ? መድኃኒቱን እየዋጠ ነው። ሥራውን ሁልጊዜ በመጨረሻው ሰዓት የሚጀምር ሰውም ያው ነው። (እኔን ጨምሮ። ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት ማስረከቢያው ጥቂት ሰዓት ሲቀረው ነው።)

በዚህ ጉዳይ አነቃቂ ተናጋሪዎች አጥብቀው የሚወዷት አንዲት ታሪክ አለች፤ የእንግሊዛዊው ሯጭ የሮጀር ባኒስተር። አንድ ማይል ማለትም 1,609 ሜትር ከ4 ደቂቃ በታች መሮጥ ለሰው ልጅ አይቻልም ተብሎ ይታመን ነበር። ባኒስተር ግን በራሱ አመነ። ሜይ 6 ቀን 1954 ኦክስፎርድ ላይ በ3 ደቂቃ ከ59.4 ሰከንድ ገባ። የአእምሮው ግድግዳ ስለፈረሰ ሌሎቹም ወዲያው ተከታትለው ጎረፉ። አዳራሹ ያጨበጭባል።

ታሪኩ ደስ ይላል። ችግሩ እንዲህ አለመሆኑ ነው። ከባኒስተር በፊት የነበረው ክብረ ወሰን 4 ደቂቃ ከ1.4 ሰከንድ ላይ 9 ዓመት ገደማ የቆመው ሰው ስላላመነ አልነበረም። ጉንደር ሄግ እና አርነ አንደርሰን የተባሉ ሁለት ስዊድናውያን ከ1942 እስከ 1945 እየተፎካከሩ ክብረ ወሰኑን 5 ሰከንድ ያህል ዝቅ አድርገውት ነበር። ከዚያ በሩጫ ገንዘብ ተቀብላችኋል ተብለው ታገዱ፤ ያኔ ክልክል ነበር። የተቀረው ዓለም ደግሞ ገና ከጦርነት መውጣቱ ነው። አውስትራሊያዊው ጆን ላንዲም ከ1952 መጨረሻ ጀምሮ በ4 ደቂቃ ከ2 ሰከንድ አካባቢ ደጋግሞ ገብቷል። አይቻልም ብሎ ያመነ ሰው እንዲህ አይመላለስም። ጎረፉ የሚባለውም ተጋኗል። ከባኒስተር በኋላ ባለው አንድ ዓመት ያንን ያደረገ ሌላ ሰው ላንዲ ብቻ ነው።

እኔን የሚስበኝ አዳራሽ ውስጥ የማይነገረው ክፍል ነው። ባኒስተር በ1952 የሄልሲንኪ ኦሎምፒክ በ1,500 ሜትር ትልቅ ነገር ይጠበቅበት ነበር፤ 4ኛ ወጣ። ሩጫ ሊያቆም አሰበ። ቢቀናው ኖሮ ጫማውን ሰቅሎ ወደ ሕክምና ትምህርቱ ይመለስ ነበር። ስላልቀናው ቀጠለ። ከዚያስ? በ1953 መጨረሻ 440 ያርድ፣ ማለትም የማይል ሩብ፣ በየመሃሉ 2 ደቂቃ እያረፈ 10 ጊዜ መሮጥ ጀመረ። መጀመሪያ ላይ አንዱ ዙር 66 ሰከንድ ይወስድበት ነበር። ከወራት ልፋት በኋላ 61 ደረሰ። እዚያ ላይ አልንቀሳቀስ አለ፤ የሚፈልገው ደግሞ 60 ነው። ሲሰለቸው ከጓደኛው ከክሪስ ብራሸር ጋር ስኮትላንድ ሄዶ ጥቂት ቀን ተራራ ሲወጣ ከረመ። ሲመለስ በ59 ሮጠ። በውድድሩ ቀን ደግሞ ብራሸር እና ክሪስ ቻታዌይ ተራ በተራ ከፊቱ እየሮጡ ፍጥነቱን ጠበቁለት።

66፣ 61፣ 59። በራስ መተማመኑ ከየት መጣ ብትሉኝ እኔ የማሳያችሁ እነዚህን ቁጥሮች ነው።

ሌላም አለ፤ ይሄኛው ትንሽ ያሳዝናል። ማርቲን ሴሊግማን እና ስቲቨን ማየር በ1967 ስላሳተሙት የውሾች ሙከራ ሰምታችሁ ይሆናል። አንዳንዶቹ ውሾች ምንም ቢያደርጉ የማያስቆሙት የኤሌክትሪክ ንዝረት ደረሰባቸው። በኋላ፣ አጭር አጥር ዘልለው ማምለጥ የሚችሉበት ቦታ ሲገቡ ብዙዎቹ አልዘለሉም። ተኝተው ተቀበሉት። (ሙከራውን ሳነብ ከውሾቹ በላይ ሰዎቹ አስገረሙኝ፤ ግን እሱ ሌላ ጽሑፍ ነው።)

ብዙም የማይነገረው ቀጥሎ የሆነው ነው። ተመራማሪዎቹ ውሾቹን ሊያድኗቸው ሞከሩ። አጥሩን አነሱላቸው፤ አልሄዱም። ከወዲያ ማዶ ሆነው ጠሯቸው፤ አልሄዱም። ምግብ አሳዩአቸው፤ አልሄዱም። በመጨረሻ የሠራው በገመድ ጎትቶ ማሻገር ነበር። አንዴ አይደለም፤ ደጋግሞ። እግራቸው ወደዚያኛው በኩል መሄድ እንደሚችል፣ እዚያ ሲደርሱም ንዝረቱ እንደሚቀር በራሳቸው ሰውነት እስኪያውቁት ድረስ። ከዚያ በኋላ ማንም ሳይጎትታቸው ይሻገሩ ጀመር።

ከ50 ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ2016፣ ሁለቱ ሰዎች የገዛ ራሳቸውን ሐሳብ ገለበጡት። መጀመሪያ ያሉት እንስሳው ተስፋ መቁረጥን «ተማረ» ነበር። ስለ አንጎል የተደረጉ ጥናቶችን አይተው ግን ተቃራኒውን ጻፉ። መከራ ሲረዝም እጅ መስጠት አንጎል ሳይማር የሚያደርገው ነው። ትምህርት የሚጠይቀው «ልለውጠው እችላለሁ» የሚለው ነው። ይህን ሳነብ እፎይ አልኩ። ለካ አንድ ነገር ተበላሽቶብኝ አይደለም፤ ያልተማርኩት ነገር ስላለ ነው።

ወደ ገንዳው ልመለስ። የተመዘገብኩት በጀግንነት አይደለም። ልጄ ዋና ልትማር ስትል አንድ ትልቅ ሰው አብሯት ውሃ ውስጥ ይግባ ተባለ። ሁሉም ወላጅ ገባ። ሼም ያዘኝ፤ ገባሁ። አሰልጣኙ በዕድሜ ከእኔ በጣም የሚያንስ ልጅ ነው። እንደ ልማዴ «እኔ ውሃ አይሆንልኝም» አልኩት። «እሺ፣ ፊትዎን ነክረው አረፋ ያውጡ» አለኝ። በቃ። ሌላ ንግግር የለም። ወገቤ ድረስ ብቻ በሚመጣ ውሃ ውስጥ ቆሜ፣ ዳር ያለውን ብረት በሁለት እጄ ጨምድጄ፣ አረፋ አወጣሁ። አጠገቤ የ6 ዓመቷ ልጄ ከእኔ የሚበልጥ አረፋ ታወጣለች። በሁለተኛው ቀን ብረቱን በአንድ እጅ ያዝኩ። በሦስተኛው ቀን ውሃ በአፍንጫዬ ገባ። ሳል ሊገድለኝ ሲደርስ ወጣሁና «ይኸው፣ አላልኩም?» እያልኩ ልብሴን ላነሳ ሄድኩ። ልጁ ተከትሎኝ መጣ። «ለሁሉም ይገባል» አለኝ ተረጋግቶ። «ውሃ ውስጥ ሲሆኑ እኮ ትንፋሽ እየያዙ ነው። በአፍንጫ ያስወጡ። አየር የሚስቡት ቀና ሲሉ በአፍ ነው።»

20 ዓመት ሙሉ የተፈጥሮ ጉድለት ያልኩት ነገር የትንፋሽ አያያዝ ሆኖ ተገኘ! ዳር ላይ ቁጭ ብዬ ስልክ ስጠብቅ ብኖር ይህን በምን አውቀው ነበር?

ሰው ምን ይለኛል የሚለውንማ ብዙ አልሄድበትም። ቶማስ ጊሎቪች እና ባልደረቦቹ በ2000 ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎችን የሚያሳፍር የዘፋኝ ፎቶ ያለበት ቲሸርት አልብሰው ሰው ወዳለበት ክፍል አስገቧቸው። የለበሱት ተማሪዎች ክፍሉ ውስጥ ካለው ሰው ግማሽ ያህሉ ቲሸርታቸውን ያስተዋለ መስሏቸው ነበር። ያስተዋለው ሩብ ያህሉ ነው። እኔም አረፋ ሳወጣ ገንዳው ሁሉ የሚስቅብኝ መስሎኝ ነበር። ቀና ብዬ ሳይ ሁሉም የየራሱን አፍንጫ ይዞ ያስላል።

አሁን «ገደብ የሚባል ነገር የለም» የሚሉ ሰዎች ጋር አንድ ጎራ እንዳታስገቡኝ። ገደብ አለ። ገንዘብ ገደብ ነው፣ ጤና ገደብ ነው፣ የሚጦር ቤተሰብ ያለው ሰው ጊዜው የእሱ አይደለም። አወዳደቅም እኩል አይደለም፤ አንዱ ፍራሽ ላይ ይወድቃል፣ ሌላው ድንጋይ ላይ። ፍራሽ ያለው ሰው ድንጋይ ላይ ለሚወድቀው «ዝለል፣ ምን ትፈራለህ?» ሲል እበሳጫለሁ። ቋንቋችን ራሱ በዚህ ጉዳይ ሁለት ልብ ነው። «ደፋርና ጭስ መውጫ አያጣም» ይልና ዞር ብሎ «ፈሪ ለእናቱ» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው።

ስለዚህ እኔ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ይህን ገደብ ያገኘሁት ሞክሬ ነው ወይስ ገምቼ? ሞክሬ ካገኘሁት አከብረዋለሁ። ስዕል ሁለት ዓመት ተምሬያለሁ፤ ዛሬም የምስለው ፈረስ ሶፋ ይመስላል፤ ተውኩት፤ አይቆጨኝም። የገመትኩት ከሆነ ግን ብወድቅ አጥንቴን በማይሰብረኝ መጠን እሞክረዋለሁ። ሥራ ለቅቄ ሳይሆን ቅዳሜን ተጠቅሜ። መጽሐፉን ሳይሆን ሦስት ገጽ። ጥልቁን ሳይሆን አረፋውን። አሰልጣኙ እኔን የጎተተኝ በዚህች ገመድ ነው።

ጓደኛዬ በሦስተኛው ዙር ማመልከቻዋን ላከች። አልተቀበሏትም። ሁለት ቀን ስልክ አላነሳችም። በሦስተኛው ቀን ደውላ የተጻፈላትን አነበበችልኝ፤ የቋንቋ ፈተና ውጤቷ ከሚፈለገው በትንሽ ያንሳል፣ አሻሽለሽ ድጋሚ ማመልከት ትችያለሽ ይላል። ሁለት ዓመት ሙሉ ስታስተካክለው ስለኖረችው ድርሰት አንድም ቃል የለም። «አየህ አይደል?» አለችኝ። መናደዷን ወይ መሳቋን መለየት አልቻልኩም።

እኔ አሁን ጥልቀት የሌለውን ክፍል ከዳር እስከ ዳር እዋኛለሁ፤ እያለከለክሁም ቢሆን። እግር ወደማይደርስበት ግን ገና አልገባሁም። ልጄ ከገባች ቆይታለች። ማክሰኞ ልሞክረው ብያለሁ። ባለፈው ማክሰኞም ብዬ ነበር።