ተሸናፊው ከመክፈሉ በፊት ደረጃው ይታይ

በጅማ ጌም ቤቶች «ሲስተሙ ነው ያሸነፈኝ» የማይል የለም። ስልኩ ላይ ፐብጂ ወይም ኢፉትቦል የሚጫወተውም ያው ነው፤ ሦስት ካሸነፍኩ አራተኛው ላይ የማልችለውን ያመጣብኛል ይላል። ምሬቱ ግማሹ እውነት ነው። ጩኸቱ የበረታው ግን እውነት ባልሆነው ግማሽ ላይ ነው።

ያሸነፈ ሰው ከባድ ተጋጣሚ ቢመጣበት ደባ አይደለም። የአብዛኞቹ የደረጃ አሰጣጦች መነሻ የፊዚክስ ሊቁ አርፓድ ኤሎ ለቼዝ የቀመረው ስሌት ነው፤ ዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን በ1970 እ.ኤ.አ. ተቀብሎታል። በስሌቱ መሠረት በ100 ነጥብ የሚበልጥ ተጫዋች የማሸነፍ ዕድሉ 64 በመቶ፣ በ200 የሚበልጥ 76፣ በ400 የሚበልጥ 91 ገደማ ነው። ነጥብ ሲወጣ ተጋጣሚም አብሮ ይወጣል፤ ውሎ አድሮ ግማሹ ድል፣ ግማሹ ሽንፈት ይሆናል። ይህ የጤና ምልክት ነው። (ጥርጣሬው ከመሬት የበቀለ አይደለም እንጂ። የጌም አምራቹ አክቲቪዥን ተጫዋቾችን ለግዢ በሚያነሳሳ መልኩ ለማጣመር የሚያስችል ዘዴ ላይ በ2017 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት አግኝቷል፤ ጨዋታዎቹ ውስጥ አልተጠቀምኩበትም ቢልም።)

እውነተኛው በደል ሌላ ቦታ ነው። አጣማሪው፣ ማለትም ተጋጣሚ የሚያገናኘው ፕሮግራም፣ ሦስት ነገር ይመዝናል፦ ችሎታ፣ የመስመር መዘግየት ወይም ፒንግ፣ እና የጥበቃ ጊዜ። የሚመጥን ሰው ቶሎ ካላገኘ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ያላላል። እኛ ደግሞ ጨዋታውን ከሚያስተናግዱት ኮምፒውተሮች፣ ከሰርቨሮቹ፣ ሩቅ ነን። በፋይበር ውስጥ ብርሃን በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ በየ1,000 ኪሎ ሜትሩ ደርሶ መልስ 10 ሚሊ ሰከንድ ይበላል። ለምሳሌ ሰርቨር ካለባት ከጀርመኗ ፍራንክፈርት እስከ ጅማ በቀጥታ 5,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ገመዱ ቀጥ ብሎ ቢሄድ እንኳ 54 ሚሊ ሰከንድ ማለት ነው፣ ገመድ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም። እስከ አዲስ አበባ ያለው 350 ኪሎ ሜትር ግን የሚጨምረው ከ4 ሚሊ ሰከንድ አይበልጥም። ስለዚህ «ጅማ ስለሆንን ነው» የሚባለው ሰበብ አያስኬድም። የሚጎዳው የመጨረሻው እርምጃ ነው፤ ማታ ሰው ሁሉ አንድ የሞባይል ማማ ላይ ሲረባረብ ፒንጉ 90 የነበረው 300 ይገባል፣ ተመልሶ ይወርዳል። የማይለዋወጥ 120 ከሚዋዥቅ 80 ይሻላል፤ እጅ የተረጋጋ መዘግየትን ይለምዳል፣ የሚዋዥቀውን ግን አይለምድም። ግድግዳ ጀርባ ገብቶ መሞት የሚመጣውም ከዚሁ ነው፦ ሰርቨሩ ተኳሹ ያየውን ለማክበር ጊዜውን ወደ ኋላ ይመልሳል።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ዋይፋዩ አብሮ ይጠፋል፤ ጨዋታው ሸሽቷል ብሎ ሽንፈት ይመዘግባል። ነጥቡ ያለአግባብ የወረደው ልጅ በማግስቱ ከደካሞች ጋር ይመደብና እነሱን ያስለቅሳል። እነሱም «ሲስተሙ ነው» ይላሉ።

ስኳድ፣ ማለትም የአራት ሰው ቡድን፣ ሲሆን የነጥብ አማካይ ያታልላል። ሦስት ባለ 1000 እና አንድ ባለ 2000 ተጫዋቾች አማካያቸው 1250 ነው፤ አማካይ ብቻ የሚያይ አጣማሪ አራት ባለ 1250ዎችን እኩያ ብሎ ያመጣላቸዋል። ባለ 2000ው አንድ ለአንድ ቢገጥማቸው ከ98 በመቶ በላይ ያሸንፋል፤ የቀሩት ሦስቱ ዕድላቸው 19 በመቶ ነው። ለማንም ጨዋታ አይሆንም። ኩባንያዎቹ ቢያንስ የሁለቱን ወገን ነጥብና ፒንግ ከጨዋታው በፊት ማሳየት አለባቸው፤ ቁጥሩ እጃቸው ላይ ነው፣ ማሳየት ወጪ የለውም።

እስከዚያው ጌም ቤቶቻችን የራሳቸውን ምደባ መያዝ ይችላሉ። «ተሸናፊ ይከፍላል» በሚባልበት ቤት ጀማሪን ከአንበሳ ጋር ማስቀመጥ ኪስ ማውለቅ ነው። ደብተር ይበቃል። ሁሉም በ1000 ይጀምራል። እኩዮች ሲጫወቱ አሸናፊው 16 ነጥብ ከተሸናፊው ይወስዳል። ልዩነቱ 100 ከሆነ ብርቱው ቢያሸንፍ 12፣ ደካማው ቢያሸንፍ 20፤ በ200 ልዩነት 8 እና 24፤ በ400 ልዩነት 3 እና 29። ለአዲስ መጪ የመጀመሪያዎቹ 10 ጨዋታዎች የእሱ ነጥብ ብቻ በእጥፍ ይቆጠር፤ ከሌላ ሰፈር መጥቶ ጀማሪ ነኝ የሚለው ቶሎ ቦታውን ይይዛል። ልዩነቱ ከ200 ካለፈ የጨዋታውን ሒሳብ ሁለቱም እኩል ይክፈሉ። ጓደኛሞች ነጥብ እንዳይቀባበሉ የሁለት ሰዎች ጨዋታ በቀን ከሁለት በላይ አይመዝገብ።

ደብተሩ የሚዋሸው ዕቃው እኩል ካልሆነ ነው። ዱላው ሳይነካ የሚንሸራተት ጆይስቲክ ካለ ተጫዋቾቹ በጨዋታው እረፍት ላይ ይለዋወጡት፤ ቴሌቪዥኑም የጌም ሁነታ ካለው ይከፈት፣ አለበለዚያ ምስል የማሳመሩ ሥራ ራሱ መዘግየት ይጨምራል።