ሳይመልስ አታስታርቁ

የባሕር ዳር ሰዎች፣ እርቅ መውደዳችሁ ደግ ነው። ችኮላችሁ ግን በዛ።

የእቁብ ብር ይዞ የተሰወረ ሰብሳቢ ከወራት በኋላ ብቅ ይላል። ሽማግሌ ይልካል። ድንጋይ ተሸክሞ ይገባል፣ «ይቅር ለእግዜር» ይባላል፣ ቡና ይፈላል። ብሩስ? ብሩን ያነሳ ሰው ቂመኛ ተብሎ ይታማል። ቂመኛ የምትሏት እኮ ሐይቁ ዳር ቀረሶ ዓሣ ስትጠብስ የምትውለው ሴት ናት። ዘይቱ ክንዷ ላይ እየተፈናጠረባት ያገኘችውን በመቀነቷ ጫፍ ቋጥራ እቁብ የጣለችው እሷ ናት። እሱ ድንጋዩን አውርዶ ይሄዳል። የልጆቿ የትምህርት ቤት ክፍያ ግን እሷው ላይ ነው።

መጽሐፍ ቅዱስ እንዲህ አያጣድፍም። ምሳሌ 18 የተቀየመ ወንድምን መመለስ የተመሸገ ከተማ ከመያዝ ይከብዳል ይላል። ዮሴፍን እዩት። ወንድሞቹ በ20 ብር ሸጠውታል። እህል ፍለጋ ግብፅ ሲወርዱ ወዲያው አላቀፋቸውም። ስምዖንን አሰረ። ጽዋውን በብንያም ስልቻ አስደብቆ ፈተናቸው። ዮሴፍ ራሱን መግታት ያቃተው፣ ይሁዳ «በብላቴናው ፈንታ እኔ ባሪያ ልሁን» ሲል ነው። ያኔ «እንሽጠው» የሚለውን ሐሳብ ያመጣው ይኸው ይሁዳ ነበር! በዚህም አላበቃም። ያዕቆብ ግብፅ 17 ዓመት ኖሮ ሲሞት፣ ወንድሞቹ «አሁን ይበቀለናል» ብለው እንደገና ፈሩ። እናንተ በአንድ ስኒ ቡና ልትጨርሱት ነው?

«መባህን ትተህ ሂድ፣ ታረቅ» የሚለውንም የምትጠቅሱት ለተበዳይ ነው። ማቴዎስ 5ን ደግማችሁ አንብቡ። ሂድ የተባለው ወንድሙ የተቀየመበት ሰው ነው። ዘኬዎስም ሽማግሌ አልላከም፤ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ብሎ በሰው ፊት ቆመ።

ይቅር ካለች በኋላም ከሱ ጋር ሌላ እቁብ አልገባም ብትል አትውቀሷት። ኤሳውና ያዕቆብ ተቃቅፈው ከተላቀሱ በኋላ አንዱ ወደ ሴይር፣ ሌላው ወደ ሱኮት ሄደ። ማንም ቂመኛ አላላቸውም።

ሽማግሌዎች፣ ሰሞኑን የተጠራችሁበት እንዲህ ያለ ጉዳይ ካለ መጀመሪያ በዳዩ ቤት ሂዱ። የእቁቡን ደብተር አስወጡት። የማንን ስንት እንደወሰደ፣ በየወሩ ስንት እንደሚከፍል፣ ዋሱ ማን እንደሆነ በጽሑፍ ያዙ። ከዚያ እሷ ጋ ኑ። ዛሬ አልችልም ካለችም አትገዝቱባት፤ ሌላ ቀን ተመለሱ።