ብስክሌት ወይስ እግር፦ የጀሞው እና የሽሮ ሜዳዋ ክርክር

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት የተሠሩት የአዲስ አበባ ዋና ዋና መንገዶች ሰፊ የእግረኛ መንገድና ከጎኑ የብስክሌት መስመር ይዘው መጥተዋል። የክርክሩ ጥያቄ እንዲህ ነው፦ አዲስ አበባና ዙሪያዋን የያዘችው ሸገር ከተማ የብስክሌት መስመሩን ያስፋፉ ወይስ ገንዘቡ መጀመሪያ ለእግረኛው ይዋል? አንደኛው ተከራካሪ ጀሞ የሚኖር ብስክሌት ነጂ ነው። ሁለተኛዋ የሽሮ ሜዳ ልጅ ናት፤ የትም የምትሄደው በእግሯ ነው።

የጀሞው፦

«አዲስ አበባና ብስክሌት አይተዋወቁም» ሲባል ሰምቼ ጠግቤያለሁ። ዳገት ነው ይሉሃል፣ ዝናብ ነው ይሉሃል። እሺ፣ እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ውጣ ያለ ሰው ግን የለም። ከተማዋ ላለፉት ዓመታት የሰፋችው በአብዛኛው ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ ነው፣ ወደ ሜዳው። ከጀሞ ለቡ፣ ከቦሌ ገርጂ፣ ከሳሪስ ቃሊቲ የሚሄድ ሰው የሚያማርርበት ዳገት የለውም።

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ጀሞ ና። የታክሲው ሰልፍ ተጠማዞ ተጠማዞ ጫፉ አይታይም። ከሰልፈኛው ብዙው ሩቅ አይሄድም፤ የሚወርደው ሁለት ሦስት ፌርማታ አልፎ ነው። ይሄ ሰው ብስክሌት ቢኖረው፣ የሚሄድበት መስመር ቢኖረው፣ ሲደርስም የሚቆልፍበት ብረት ቢያገኝ ሰልፉ ላይ ምን ይሠራል? መስመሩ ተጀምሯል። የጎደለው መቀጣጠሉ ነው። አንዱ ኮሪደር ላይ አምሮ ይመጣና አደባባይ ሲደርስ ድርግም ይላል። ከዚያ በኋላ አንተና ሲኖትራኩ ናችሁ።

የሽሮ ሜዳዋ፦

ወንድሜ፣ ሰልፉን ነገርከን። ሰልፉን አይቶ ተስፋ ቆርጦ በእግሩ የሄደውንስ? አዲስ አበባ ውስጥ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላይ በእግር ነው። ከተማዋ ራሷ ከ2019 እስከ 2028 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ የተነሳው ከዚህ ነው። በመኪና አደጋ ከሚሞቱትም አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ታዲያ ብዙኃኑ ቆሞ ለጥቂቱ መስመር ይቀባል?

ኮሪደሩ ያምራል፣ አልክድም። አራት ኪሎ ላይ ሰው እንደ ሰው ይራመዳል። ከዋናው አስፋልት ወደ ሰፈር ታጠፍ እስቲ። እኛ ጋ የቱቦው ክዳን ተነስቶ የሄደበት አይታወቅም። ሰው እንዳይገባበት የሰፈር ልጅ የዛፍ ቅርንጫፍ ይሰካበታል። ማታ መብራት ሲጠፋ ቅርንጫፉም አይታይ። እናቶች እንጀራ ተሸክመው በዚያ ላይ ይወርዳሉ፣ ሐምሌ ላይ ደግሞ ኮብልስቶኑ ያንሸራትታል። ለዚህ ሰው «መስመር ሠራንልህ» ብትለው ምን ይልሃል?

ቀለበት መንገዱንም እይ። የተሠራው ለመኪና ነው። ማቋረጫ ድልድዩ የትና የት ስለሆነ ሰው የኮንክሪቱን አጥር ይዘላል። አሮጊት ስትዘል አይቻለሁ፣ ነጠላዋን በጥርሷ ነክሳ።

የጀሞው፦

የቱቦው ክዳን ላይ አልከራከርሽም፤ ዛሬውኑ ይሠራ። ግን እህቴ፣ ሌባውን ተሳስተሻል። የእግረኛውን ቦታ የወሰደው ብስክሌት አይደለም። መንገድ ዳር የተደረደረውን የቆመ መኪና ቁጠሪ። አንድ መኪና ከጠዋት እስከ ማታ የሚተኛበት ቦታ ላይ ስንት ሰው ያልፋል?

ደግሞ ሁሉ ነገር ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። መርካቶ ሰባተኛ መስቀለኛው ሲስተካከል ትዝ ይልሻል? ጥጎቹ ወደ ውስጥ ገቡ፣ መሻገሪያው አጠረ፣ መኪናው ሲታጠፍ ፍጥነት ለመቀነስ ተገደደ። ከመኪናው ላይ ትንሽ ስትወስጂ ለእግረኛውም ለብስክሌቱም ይተርፋል። «መንገድ ለሰው» በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር የታየውም ይኸው ነው። አንድ እሑድ መኪና ሲከለከል ሕፃኑ ብስክሌት ይዞ ወጣ፣ ሽማግሌው ዱላውን ይዞ ወጣ። ማንም ማንንም አልገፋም።

ባሕር ዳርን ተመልከቺ። ዘንባባው ሥር ተማሪው፣ ነርሷ፣ የመንግሥት ሠራተኛው በብስክሌት ሲሄድ የኖረበት ከተማ ነው። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመቱን የብስክሌትና የእግረኛ መስመር ይዞ ነው የተሠራው።

የሽሮ ሜዳዋ፦

ባሕር ዳርን ማንሳትህ ጥሩ። ባሕር ዳር ብስክሌት የለመደው መስመር ስለተቀባለት ነው እንዴ? ከተማው ሜዳ ነው፣ ቤቱና ሥራው ይቀራረባል። በቃ። ባጃጅ ሲመጣ ስንቱ ከብስክሌቱ እንደወረደ ደግሞ እዚያው ጠይቅ። ሐዋሳም እንደዚያው ነው።

እኛ ጋ የተደረገው ተቃራኒው ነው። ሰውን ኮዬ ፈጬና ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ሰጥተው አስወጡት። ሥራው መርካቶና ሜክሲኮ ቀረ። ይሄን ርቀት ብስክሌት አይፈታውም፣ አውቶቡስ ነው የሚፈታው። ፕላን ማለት እኮ ትምህርት ቤቱን፣ ጤና ጣቢያውን፣ ጉሊቱን ሰው በእግሩ በሚደርስበት ቦታ ማስቀመጥ ነው። እሱ ሳይታሰብ መስመር ማስመር ለፎቶ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ወንዶች ስለማታነሱት። እኔ በእግሬ ስሄድ የሚለክፈኝ አላጣሁም። ብስክሌት ላይ ብወጣ ደግሞ ምን እንደምባል አስበው።

የጀሞው፦

ለከፋው እውነት ነው፤ ያሳፍራል። ግን ባሕር ዳር ላይ ሴት በብስክሌት ስትሄድ ዞሮ የሚያያት የለም፣ ብዙ ስለሆኑ። ብዙ የሚሆኑት ደግሞ ከሲኖትራክ የሚለያቸው ነገር ሲኖር ነው። ከኮዬ ፈጬ ሜክሲኮ ድረስ ፔዳል ምታ አላልኩም። ከቤቱ እስከ አውቶቡሱ ያለውን ነው የምለው። ባቡሩ ጣቢያ ጋ ብስክሌት የሚጠበቅበት ቦታ ቢኖር ስንቱ በተጠቀመ።

ዋናው ችግር አስተዳደሩ ለሁለት መከፈሉ ነው። ሸገር ከተማ በ2015 ዓ.ም. ስትቋቋም ሰበታን፣ ቡራዩን፣ ሱሉልታን፣ ለገጣፎን፣ ገላንን ጠቅልላ አዲስ አበባን ከበበቻት። ሰው ፉሪ ያድራል፣ ጀሞ ይሠራል። መንገዱ ግን ሁለት ቢሮ ነው ያለው። እነዚህ ሁለት ከተሞች አንድ ካርታ ላይ ተቀምጠው መስመሩን ካላስተሳሰሩ አንቺ የምትይው የእግረኛ መንገድም ድንበሩ ላይ ይቆማል።

የሽሮ ሜዳዋ፦

በአንድ ካርታ ይሥሩ ባልከው እስማማለሁ። የማልስማማው በተራው ነው። ካርታው ላይ መጀመሪያ የሚሰመረው የትኛው ነው? እኔ ለሽሮ ሜዳ የምጠይቀው ቀላል ነው። ዳገቱ ላይ መደገፊያ ያለው ደረጃ፣ የቱቦ ክዳን፣ መብራት። ሦስቱ ከተሟሉ በኋላ ስለ ብስክሌቱ እናወራለን።

የጀሞው፦

ደረጃው ይሠራ፣ ካስፈለገም አብሬሽ እፈርማለሁ። ግን ከደረጃው ጎን ብስክሌት እየተገፋ የሚወጣበት ጠባብ ቦይ አብሮ ይውጣ። በሲሚንቶ አንድ ስንዝር ነው የሚጨምረው።

የሽሮ ሜዳዋ፦

ቦዩን ክረምት ላይ የእንጦጦ ጎርፍ ነው የሚሄድበት። አንተ ብቻ ደረጃውን አምጣ።