ለፊት ወንበር ወዳጆች የቀረበ ምስጋና

ከኋላ መቀመጥን የመሰለ ውርደት የለም። ይህ የገባው ሰው ስብሰባ ሲጠራ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ አጀንዳው አይደለም። ወንበሩ የትኛው ረድፍ ላይ እንደሆነ ነው። ሥራውን የሚያውቀው ባለሙያ በር አጠገብ ቆሞ ይስማ። ምን ቸገረን? ስማችን ተጠርቷል፣ የታሸገው ውሃ ፊታችን ተደርድሯል፣ ካሜራውም አግኝቶናል።

ይህን ልማድ የሚነቅፉ ሰዎች ታሪክ አያነቡም መሰለኝ። ቢያነቡማ ኖሮ ለፊት ረድፍ ሲሉ ሕይወታቸውን የሰጡ ጀግኖች እንዳሉ ያውቁ ነበር። የፈረንሳይ መኳንንት ናቸው። ቦታው አዠንኩር ይባላል። ቀኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኦክቶበር 25 ቀን 1415 ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ 5ኛ በዚያ ክረምት ባሕር ተሻግሮ ሃርፍለር የተባለችውን የፈረንሳይ የወደብ ከተማ ከበበ። እሱ ከተማዋን ያዘ፤ ሠራዊቱን ደግሞ ተቅማጥ ያዘው። ከዚያ በእንግሊዞች እጅ ወደነበረችው ወደ ካሌ ጉዞ ጀመረ። ስንቅ አለቀ፣ ዝናብ ወረደ፣ የሶም ወንዝ መሻገሪያዎች ተዘጉ። ወንዙን እንደምንም ሲሻገር የፈረንሳይ ጦር መንገዱ ላይ ተኮልኩሎ ጠበቀው።

በቁጥሩ የታሪክ ሰዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። እንግሊዞቹ ከ6 ሺህ እስከ 9 ሺህ ቢሆኑ ነው። ፈረንሳዮቹ በትንሹ 12 ሺህ ናቸው፤ ከዚያ እጥፍ የሚያደርሷቸውም አሉ። ደግሞ እንግሊዞቹ እነማን እንደሆኑ እዩልኝ! ከአምስቱ አራቱ ያህል ተራ ባለቀስቶች ናቸው። በቀን 6 ፔንስ የሚከፈላቸው። የብረት ልብስ የለበሰው ተዋጊ በቀን 12 ፔንስ ያገኛል፤ አንድ ዱክ፣ ማለትም ትልቅ መስፍን፣ ደግሞ 13 ሽልንግ ከ4 ፔንስ (160 ፔንስ መሆኑ ነው)። ከባለ 6 ፔንስ ሰው ጋር መዋጋት በራሱ ክብር ይቀንሳል።

ፈረንሳዮቹ ግን ጨዋ ነበሩ። የቅዱስ ዴኒስ ገዳም መነኩሴ በዜና መዋዕሉ እንደጻፈው፣ የፓሪስ ነዋሪዎች 6 ሺህ የታጠቁ ሰዎች እንስጥ ብለው ነበር። መኳንንቱ አፍንጫቸውን ነፉ። ባለሱቅ ምን ሊረዳን ነው? ደግሞ ብንሸነፍ የምናፍረው አንድ ጊዜ ነው፤ ብናሸንፍ ግን ከልብስ ሰፊ ጋር ፎቶ ልንነሳ ነው እንዴ? (ፎቶው የእኔ ጭማሪ ነው። ንቀቱ የራሳቸው ነው።)

እቅድ አልነበራቸውም እንዳትሉ። ማርሻል ቡሲኮ የሚባል ብዙ ጦርነት ያየ ሰው ነበራቸው። እሱና ሌሎች አዛዦች የነደፉት እቅድ በጽሑፍ እስከ ዛሬ ተጠብቋል። ባለቀስቶቻችን በሁለቱም ክንፍ ፊት ይሁኑ፤ ፈረሰኛው ደግሞ ዞሮ የእንግሊዝን ቀስተኞች ይበትን ይላል። ጥሩ እቅድ ነው። አንድ ችግር ብቻ አለበት። መኳንንቱን ሁሉ ከፊት አያሰልፍም።

ስለዚህ ተሻሻለ። ዱኩም፣ የዱኩ አጎትም፣ የአጎትየው አማችም ፊተኛው ጦር ውስጥ ካልገባሁ አለ። የጦሩ አዛዥ ሻርል ዳልብሬ ምን ይበል? በሹመት አዛዥ እሱ ነው፤ በዘር ግን የሚታዘዙት ይበልጡታል። ንጉሣቸው መጥቶ አላዘዘም፤ ለዓመታት አእምሮውን የታመመ ሰው ነው። እናም ሁሉም ፊት ሆነ። በቀስት የሚተኩሱት ሰዎች ወደ ኋላ ተገፉ። እዚያ ቆመው የጌቶቻቸውን ጀርባ አዩ። እንግዲህ ጌታህን ጀርባው ላይ ካልወጋህ በቀር ከዚያ ቦታ ምን ትተኩሳለህ?

ሜዳው አንድ ኪሎ ሜትር የማይሞላ ስፋት ነበረው። ግራና ቀኙ ጫካ ነው። መሬቱ በቅርቡ የታረሰና የተዘራ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ዝናብ ጥሎበት አድሯል። ጠዋት ሁለቱም ጦር ለሰዓታት ተፋጠጡ። የፈረንሳይ ፈረሰኞች ሰለቻቸው። አንዱ ፈረሱን ሊያበላ ሄደ፣ ሌላው ሊያሟሙቅ። ሄንሪ ይህን ሲያይ ሰዎቹን ወደፊት አስጠጋ። ቀስተኞቹ የሾሉ ችካሎቻቸውን ነቅለው ተጓዙ፤ እንደገና መሬት ላይ ተከሏቸው። ችካሉ ባልተተከለበት በዚያች ደቂቃ ፈረሰኛ ቢደርስባቸው አልቆላቸው ነበር። ግን ማን ይድረስ? ፈረሱ ቁርስ ላይ ነው።

ከዚያ ቀስቱ መውረድ ጀመረ። እነዚያ ተራ ባለቀስቶች ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲለማመዱ ያደጉ ናቸው። በ1363 የወጣ የንጉሥ ትእዛዝ በበዓል ቀን ኳስ መጫወቱን ትታችሁ ቀስት ተለማመዱ ይል ነበር። የቀሩት ፈረሰኞች ተነስተው ጋለቡ። ችካሉ አቆማቸው። የቆሰሉት ፈረሶች ዞረው በእግር የሚመጡትን የገዛ ወገኖቻቸውን ረገጡ።

የእግረኛው ሰልፍ ደግሞ ያ ሁሉ መሳፍንት ነው። ብረት ለብሶ፣ ጭቃው ጉልበቱ ድረስ እየያዘው፣ ከፍላጻው ፊቱን አቀርቅሮ ይራመዳል። ወደፊት በሄደ ቁጥር ሜዳው ይጠባል። ከኋላ ያለው ይገፋል፤ እሱም ፊት መሆን አለበታ። እንግሊዞቹ ጋ ሲደርሱ ክንዳቸውን ማንሻ ቦታ አጡ። እንደ ሠርግ ድንኳን በር ተጨናነቁ። የወደቀው አልተነሳም። ብዙ ሰው የሞተው በሰይፍ አይደለም፤ ሌላው ላዩ ላይ ወድቆበት ታፍኖ ነው። ቀስተኞቹ ፍላጻ ሲያልቅባቸው ችካል የተከሉበትን መዶሻና መጥረቢያቸውን ይዘው ገቡ። በባዶ እግራቸው የነበሩትን ጭቃው እንኳ አልያዛቸውም።

እዚህ ላይ ግን ፈረንሳዮቹን የማደንቅበት ትልቁ ምክንያት ይመጣል። በእንግሊዞች እንዲህ ሲመቱ ይህ ሦስተኛቸው ነበር። በ1346 ክሬሲ ላይ ከጄኖዋ የቀጠሯቸው ባለቀስቶች ጋሻቸው ጓዝ ላይ ቀርቶ፣ እየተመቱ ሲያፈገፍጉ፣ መኳንንቱ መንገድ ዘጋችሁብን ብለው በፈረስ ጨፈለቋቸው። ተሸነፉ። በ1356 ፑዋቲዬ ላይ የራሳቸው ንጉሥ ዣን ተማረከ። ሌላ ሕዝብ ቢሆን ይማር ነበር። እነሱ ግን ልማዳቸውን ለሁለት ሽንፈት ብለው አልተዉም። ጽናት ይሏችኋል ይሄ ነው።

ውጤቱ ያኮራል። ዳልብሬ ሞተ። የአላንሶን፣ የባርና የብራባንት ዱኮች ሞቱ። ቡሲኮ ተማርኮ በዚያው በእንግሊዝ አገር አረፈ። የኦርሌአን ዱክ 25 ዓመት ታስሮ ግጥም ሲጽፍ ኖረ። ሄንሪም አንድ የሚያስነውር ነገር አድርጓል፤ ሌላ ጥቃት መጣብኝ ብሎ እጃቸውን የሰጡ ምርኮኞች እንዲገደሉ አዘዘ። በዚህ ነገር ላይ ሽሙጥ የለኝም።

ለእኔ የቀኑ ጀግና የብራባንቱ ዱክ አንቷን ነው። ዘግይቶ ነው የደረሰው። ልክ እንደ ክብር እንግዳ። ሲጋልብ ሠራዊቱና ጓዙ ወደ ኋላ ቀሩ። የጦር ልብሱን እስኪያመጡለት መጠበቅ ግን ፊቱን ረድፍ ማጣት ነው። የሌላ ሰው የብረት ልብስ ተዋሰ። የመለከት ነፊውን ባንዲራ መሐሉን ቀዶ በአንገቱ አጠለቀና ገባ። ተማረከ። ያ የምርኮኞች ትእዛዝ ሲመጣ፣ በዚያ ልብስ ዱክ መሆኑን ማን ይወቅለት? ከተራዎቹ ጋር ገደሉት። ቢሆንም እወቁለት፤ ዘገየ እንጂ ከኋላ አልቆመም።