መስመሩ ሲሰመር የት ነበርን?

የዳላስና የጋርላንድ ወገኖቼ፣ ቅር ቢላችሁም ዛሬስ ልናገር ነው።

እኛ እኮ ድንበር የማናውቅ ሰዎች አይደለንም። ጎረቤት አንድ ትልም ገፋብኝ ብለው አሥር ዓመት ፍርድ ቤት የተመላለሱ አባቶች ልጆች ነን። እዚህ ግን መስመሩ በልጆቻችን ትምህርት ላይ ሲሰመር ዝም አልን። ባለፈው እሑድ ጸበል ጻድቁ ላይ «የትምህርት ቦርድ ተወካያችን ማን ነው?» ብዬ ብጠይቅ፣ አንዱ «የልጆቹን ዳይሬክተር ማለትህ ነው?» አለኝ።

የቴክሳስ የትምህርት ቦርድ 15 ወንበር አለው። ልጆቻችሁ በየክፍሉ ምን መማር እንዳለባቸው የሚወስነው፣ መጽሐፋቸውን መርምሮ የሚያጸድቀው እሱ ነው። ከ2020 የሕዝብ ቆጠራ በኋላ የስቴቱ ምክር ቤት የቦርዱን የምርጫ ክልሎች እንደ አዲስ ሸነሸነ፤ ገዥው በኦክቶበር 2021 ፈረሙበት። አንዱ ክልል ብቻ 1.9 ሚሊዮን ያህል ሰው ይይዛል፤ የኮንግረሱን ክልል ከእጥፍ በላይ ያክላል። አስቀድሞ ሕዝቡ ሐሳብ ይስጥ ተብሎ በዙም ሳይቀር መድረክ ተከፍቶ ነበር። ያን ሰሞን እኛም ዙም ላይ አልጠፋንም፤ በአገር ቤት ፖለቲካ ስንጨቃጨቅ እናነጋ ነበር።

«ቦርድ ምን ያመጣል?» የምትሉ አላችሁ። በኖቬምበር 2024 የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮች የገቡበት የመጀመሪያ ደረጃ ማስተማሪያ የጸደቀው 8 ለ 7 ነው። ደገፋችሁትም ተቃወማችሁትም፣ የወሰነው አንድ ድምፅ ነው!

መስመር የሚሰመረው ደግሞ በተቆጠረ ሰው ነው። የ2020 ቅጽ ላይ «ኢትዮጵያዊ» የሚለው ስማችን ለምሳሌ ተብሎ ታትሞ ነበር። የእኔው ቅጽ ግን ረከቦት ሥር ከርሞ የቡና ቀለበት ወጥቶበት ነበር፤ ባለቤቴ ጮኻብኝ ነው የሞላሁት። አከራይ እንዳይሰማ ተብሎ ስድስት ሰው ያለበት ቤት ሦስት ተብሎ የተሞላበትንም አውቃለሁ። ቅጹ አከራይ ዘንድ አይደርስም፤ በሕግ የተጠበቀ ምስጢር ነው።

ምርጫ ስትሄዱም ፕሬዚዳንቱን መርጣችሁ አትውጡ። በአንድ ምልክት ፓርቲውን በሙሉ መምረጥ ከ2020 ጀምሮ ቀርቷል፤ ወደ ታች መውረድ ግድ ነው፤ ቦርዱ ያለው እዚያ ነው።

ቀጣዩ ቆጠራ በ2030 ነው። ያኔ አያትየዋንም፣ ሳሎን የሚያድረውን ልጅም፣ የአራስ ቤቷን ሕፃንም ጻፉ።