ስለ ስለቱ ሳይሆን ስለ ሰገባው ንገሩን

አንገት ላይ የሚንጠለጠል ቢላዋ የምትሸጡ ሰዎች፣ ለአንድ ቀን እንኳ ስለ ሰገባው ብታወሩ ምን ትሆናላችሁ? በቴሌግራም የምትለጥፉት ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፦ ጥቁር ቀለም የተቀባ ስለት፣ በጀርባው የመጋዝ ጥርስ፣ በእጀታው ላይ የራስ ቅል፣ ከሥሩ «ኦሪጅናል የኮማንዶ» የሚል ጽሑፍ። የየትኛው አገር ኮማንዶ እንደሆነ አይነገርም። ዋጋውን ስንጠይቅ «በውስጥ መስመር ያናግሩን»። ብረቱ ምን ዓይነት ነው ስንል «ጠንካራ ብረት»። ሰገባው ይይዛል ወይ ስንል መልስ የለም።

እንጀራዬ ከቱሉ ዲምቱ እስከ ኮዬ ፈጬ ባለው አካባቢ ዲሽ መስቀልና ገመድ መዘርጋት ነው። ጣሪያ ላይ የወጣ ሰው ያለው አንድ እጅ ብቻ ነው፤ ሌላው መሰላሉን ወይም ምሰሶውን ይዟል። ተራ ሰንጢ ለመክፈትም ለማጠፍም ሁለት እጅ ይፈልጋል። ካተር ዋናው መሣሪያዬ ነው፣ አልክደውም፤ ነገር ግን ምላጩ ቀጭን፣ በየመስመሩ እንዲሰበርም ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ወፍራም የፕላስቲክ ማሰሪያ ላይ ትንሽ ጠመም ካለ ይሰበራል፤ ስባሪው የሚወርደው ደግሞ ልጆች ኳስ ወደሚጫወቱበት ግቢ ነው። ስለዚህ ተጠባባቂ ያስፈልገኛል። ኪሴና ቀበቶዬ በፒንሳና በካቻቢቴ ስለተያዙ የቀረው ቦታ አንገቴ ነው። «ማንን ልትወጋ ነው?» እያሉ የሚቀልዱ አሉ። ማንንም! ስለቱ ከ6 ሴንቲ ሜትር ብዙም የማይበልጥ፣ ገመድ የሚልጥ፣ ካርቶን የሚከፍት ነገር ነው የምፈልገው።

«ከውጭ አስመጣ» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ፤ እሺ፣ እሱንም እንየው። ስሙ አዘውትሮ የሚነሳው ኢዙላ የተባለ ቢላዋ 6.7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለት አለው፤ ብረቱ 1095 የሚባለው ካርቦን የበዛበት ዓይነት ነው። ጥንካሬው አያጠያይቅም፣ ሲሳልም እሺ ይላል። ግን ይዝጋል። አንገት ላይ ላብ አለ፣ ላብ ውስጥ ጨው አለ፤ አካሉ ቀለም ቢቀባም የስለቱ ጠርዝ መሸፈኛ የለውም። ውፍረቱም 4 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ እንጨት ለመፍለጥ እንጂ የኬብል ልባስ ለመግፈፍ አይመችም። ሚኒማሊስት የተባለው 5.4 ሴንቲ ሜትር ስለት ያለው ቀላል ነገር ነው፤ እጀታው በጣቶች ልክ ተቦርቡሯል፤ ባዶ እጅን ደስ ያሰኛል፣ ጓንት ያጠለቀን እጅ ግን ያስጨንቃል። የስዊድኑ ሞራ ኤልድሪስ ከሁሉም ይሻለኛል። 2 ሚሊ ሜትር ብቻ የሚወፍር የማይዝግ ስለት ስለሆነ ይቆርጣል እንጂ አይሰነጥቅም፤ የፕላስቲክ ሰገባውም ጠቅ ብሎ ይይዛል። እጀታው ድቡልቡል በመሆኑ ከሸሚዝ ሥር ጉብ ይላል፤ ይሁን። ግን ማን ያምጣልኝ? ቢላዋ ይዞ አውሮፕላን ውስጥ መግባት ስለማይቻል ከሚጫነው ሻንጣ ጋር መሄድ አለበት፤ የሚጫነው ሻንጣ ደግሞ በሌላው ዘመድ አደራ ሞልቷል። ለእኔ ቢላዋ ሲል የአክስቱን ጫማ የሚያስቀር ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

እንግዲህ የቀረው መርካቶ ነው፤ ደሜ የሚፈላውም እዚያ ነው። የአንገት ቢላዋ የሚንጠለጠለው ተዘቅዝቆ ነው፤ እጀታው ወደ ታች፣ ጫፉ ወደ ላይ። ሳብ ሲያደርጉት በአንድ እጅ ይወጣል። የገዛ ክብደቱ ግን ቀኑን ሙሉ ወደ ታች ይጎትተዋል፤ የሚያስቀረው ሰገባው አጥብቆ መያዙ ብቻ ነው። ደኅና ሠሪዎች ካይዴክስ የሚባለውን ፕላስቲክ በሙቀት አለስልሰው በቢላዋው ቅርጽ ይጫኑታል። እዚህ የሚሸጠው በአንዲት ቁልፍ የሚዘጋ የጨርቅ ከረጢት ነው። ጎንበስ ስትሉ ቁልፉ ይከፈታል፣ ቢላዋው ከጣሪያ ይወርዳል። ሱቅ ውስጥ ዘቅዝቄ ስነቀንቀው ባለሱቁ «ዕቃ አታበላሽ!» ብሎ ይቆጣል። ኧረ ጌታው፣ እዚህ መነቅነቅ ያልቻለ ዕቃ ጣሪያ ላይ ምን ሊሆን ነው?

ስለ ማንጠልጠያውማ አይነሳ። ፓራኮርድ የሚሉት ገመድ 550 ፓውንድ፣ ማለትም 250 ኪሎ ግራም ያህል ይሸከማል። ሻጩ በኩራት «ይህ አይበጠስም!» ይላል። እኔም የምፈራው እሱን ነው! ከመሰላል ስንሸራተት የዲሹ ብረት ገመዱን ቢይዘው የሚበጠሰው ማን ሊሆን ነው? ወታደሮች የስም ሰሌዳቸውን የሚያንጠለጥሉበት ዓይነት፣ በኃይል ሲሳብ የሚለያይ ባለ ፍሬ ሰንሰለት አለ። ርካሽ ነገር ነው። አልያዙትም።

በመጨረሻ ቀጥቃጭ ዘንድ ሄድኩ። ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ ስለት ከዚያ ሁሉ ጥቁር ቀለም ይሻላል፤ እርግጥ ይዝጋል፣ ዘይት ይፈልጋል። እሱም «ይህን ያህል ትንሽ ለምን?» ሲል ቆይቶ ነው የሠራልኝ። ሰገባ ስለው ቆዳ አወጣ። ቆዳ ላብ ይጠጣል፣ የጠጣውን ይዞ ብረቱን ያዝገዋል። ስለዚህ ከቧንቧ ሥራ የተረፈች የፒቪሲ ቁራጭ ከፍም ራቅ አድርጌ አሞቅኩና (ደጅ ይሁን፣ ከተቃጠለ ጭሱ መርዝ ነው) ስትለሰልስ በሁለት ጣውላ መካከል ቢላዋዋ ላይ ተጫንኳት። ስትቀዘቅዝ ጠቅ ብላ ያዘች። ዘቅዝቄ ነቀነቅኳት፣ አንጠልጥያት ዘለልኩ፤ ንቅንቅ አላለችም። በወዳደቀ ቧንቧ ይህ ከተቻለ ያን ሁሉ ገንዘብ የምትቀበሉት እናንተ ምን አቃታችሁ?

እሷንም በሰላም አልያዝኳትም። ባለፈው አርብ አንድ ሕንፃ ላይ ለሥራ ተጠርቼ ሄድኩ፤ በር ላይ ፍተሻ። መዶሻው አለፈ። ክንድ የሚያህለው ካቻቢቴ አለፈ። ካተሩም አለፈ። አንገትህ ላይ ያለውን አውጣ ተባልኩ፤ ሳብ ሳደርጋት ጠቅ ስትል ጥበቃው ወደ ኋላ ፈንጠር አለ። በመደንገጡ አልፈርድበትም። «ስትወጣ ትወስዳለህ» ብሎ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈባት፤ ደረሰኝ የለ፣ ቁጥር የለ። ማታ ሥራዬን ጨርሼ ስወርድ ፈረቃው ተቀይሯል። አዲሱ ጥበቃ ስለ ቢላዋ የሰማው ነገር የለም፣ የመሳቢያው ቁልፍ ከባልደረባው ጋር ሄዷል፣ ባልደረባው የሚመለሰው ሰኞ ነው።

«ለመሆኑ ቢላዋ ይዘህ የምትዞረው ለምንድን ነው?» አለኝ፣ መዶሻዬን አንስቶ እያቀበለኝ።