የጋንዡ አፈር፦ ከጥንቱ እንዲህ ነው ወይስ ተበክሏል?

በደቡብ ቻይና፣ በጂያንግሺ ክፍለ ሀገር፣ በጋንዡ አካባቢ ያሉት የግራናይት ኮረብቶች በሙቀትና በዝናብ ብዛት ወደ ሸክላ አፈር ተለውጠዋል፤ ሸክላውም እንደ ሴሪየምና ኒዮዲሚየም ያሉ፣ «ብርቅዬ የምድር ንጥረ ነገሮች» የሚባሉ ብረቶችን ይዟል። ለክርክር የቀረበው ጥያቄ፣ ከኮረብቶቹ ሥር ባሉ ማሳዎች የሚገኘው የእነዚህ ንጥረ ነገሮች ክምችት ብክለት ሊባል ይገባዋል ወይ የሚል ነው።

የሥነ ምድር ባለሙያው፦ «ብርቅዬ» የሚለው ስም ራሱ አሳሳች ነው፤ በምድር ቅርፊት ውስጥ ሴሪየም ከመዳብ አያንስም፣ ኒዮዲሚየም ደግሞ ከእርሳስ ይበልጣል። እንዲህ ባለ ኮረብታ ግርጌ ከፍተኛ መጠን ቢለካ የሚያስገርም አይደለም። የቻይና ገበሬዎችም እነዚህኑ ንጥረ ነገሮች በማዳበሪያ መልክ በማሳቸው ሲበትኑ ኖረዋል፤ የሻይ ቅጠልን ይዘት በኪሎ ግራም በ2 ሚሊ ግራም ይገድብ የነበረው ደንብም እ.ኤ.አ. በ2017 ተነሥቷል።

የአፈር ባለሙያዋ፦ በብዛቱ አልከራከርዎትም፤ የምከራከርዎት በአያያዙ ነው። ንጥረ ነገሮቹ በአብዛኛው በሸክላው ቅንጣቶች ገጽ ላይ ተጣብቀው ስለሚገኙ የዝናብ ውኃ እምብዛም አያላቅቃቸውም፤ ጨው ግን ያላቅቃቸዋል። ማዕድን አውጪዎቹም መጀመሪያ አፈሩን ዝቀው በገንዳና በክምር፣ በኋላም ኮረብታውን ሳይንዱ በጉድጓድ በጉድጓድ አሞኒየም ሰልፌት የተባለ ጨው በውኃ አሟሙተው አፈሰሱበት። አሞኒየሙ የንጥረ ነገሮቹን ቦታ ሲይዝ እነርሱ ከፈሳሹ ጋር ይወርዳሉ፤ ከፈሳሹም ማጠራቀሚያው ያልያዘው ወደ ከርሠ ምድር ውኃና ወደ ማሳ ይሰርጋል። እ.ኤ.አ. በ2012 የጋንዡን ጉዳት ለመጠገን 38 ቢሊዮን ዩዋን እንደሚያስፈልግ የገለጹት የቻይና ባለሥልጣን ራሳቸው ናቸው፤ ተፈጥሮ ላደረገችው ማን ይህን ያህል ይከፍላል?

የሥነ ምድር ባለሙያው፦ ያ ገንዘብ ለተራቆተው ኮረብታ፣ ከማዕድን ሥራው ለቀረው አሞኒያና አሲድም ጭምር ነው፤ እነዚህን ብክለት ቢሏቸው እስማማለሁ። ስለ ንጥረ ነገሮቹ ግን በምን ያነጻጽራሉ? በአንዱ ኮረብታ እንኳ የላይኛው አፈር ታጥቦ ሲደኸይ መካከለኛው ይበለጽጋል፤ ያልተነካ ጎረቤት ኮረብታ ቢያመጡልኝም ጥልቀቱ እኩል ካልሆነ ዋጋ የለውም። ናሙናውን በብርቱ አሲድ አሟሙቶ ጠቅላላ መጠኑን መናገርም የሩዝ ሥር ምን እንደሚመጥ አይነግረንም። በቀላል ጨው ታጥቦ የሚለቀቀውን ለክተው ያምጡልኝና ያን ጊዜ እንነጋገር።

የአፈር ባለሙያዋ፦ ጨውማ ፈስሷል እኮ። ማዕድኑ ከተዘጋ በኋላም በሸክላው የቀረው አሞኒየም ዝናብ በጣለ ቁጥር ይወርዳል፤ እርስዎ የጠየቁኝ ልኬት ከግርጌው ምንጭ በየክረምቱ ሊቀዳ ይችላል።